እንጨት ወይስ ብረት? በደሴና በኮምቦልቻ አካባቢ ስለሚሠራ የእርሻ ቤት

በዚህ መድረክ ብዙ ጊዜ የሚቀርቡት ስለ ትላልቅ ግንባታዎች የሚያወሱ ጥናቶች ናቸው፤ ስለ ድልድይ፣ ስለ መንገድ፣ ስለ ኢንዱስትሪ ፓርክ። እኔ ዛሬ የማነሣው ሕንጻ ከእነዚህ ሁሉ ያንሳል፤ በደቡብ ወሎ ግን ከእነዚህ ሁሉ በላይ በብዛት ይሠራል። ገበሬው በሬውን የሚያሳድርበት፣ ጭዱን የሚከምርበት፣ እህሉን የሚያኖርበት ቤት ማለቴ ነው። አንዳንዱ ቤተሰብ ሦስቱንም በአንድ ጣሪያ ሥር ያደርጋቸዋል፤ ሌላው በረቱን ለብቻ፣ ጎተራውን ለብቻ ያቆማል። ለንግግሬ እንዲመቸኝ ሁሉንም በአንድነት «የእርሻ ቤት» እያልሁ እጠራቸዋለሁ።

ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ሰንጋ ሸጦ ጥቂት ገንዘብ የያዘ ሰው አዲስ የእርሻ ቤት ሊሠራ ሲነሣ፣ «በባሕር ዛፍ ላቁመው ወይስ በብረት?» ይላል። ተማሪዎቼ ከየቤታቸው ይህን ጥያቄ ይዘውልኝ ይመጣሉ፤ ዘመዶቼም በስልክ ይጠይቁኛል። መሐንዲስ ነኝና በአንድ ቃል እንድመልስ ይጠብቃሉ። እኔ ግን መልሼ የምጠይቃቸው ሁለት ነገር አለ፦ ቤቱ የሚቆመው የት ነው? በውስጡ የሚገባውስ ምንድን ነው? ከደሴ እስከ ኮምቦልቻ ያለው መንገድ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህ አጭር መንገድ ከ2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ወደ 1,850 ሜትር ገደማ እንወርዳለን። ከከፍታው ጋር ብርዱ ይለወጣል፤ የምስጡ ብዛት ይለወጣል፤ የሚዘራው እህል፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ እህሉ የሚታጨድበት ወር ይለወጣል። ላይ ደሴ ዙሪያ ትክክል የሆነው ምርጫ ታች ቃሉ ላይ የቤተሰቡን ቀለብ ሊያጠፋ ይችላል፤ ታች ትክክል የሆነውም ላይ እንዲሁ። ለዚህ ልዩነት ትልቁ ምክንያት እርጥበት መሆኑን ለማሳየት እሞክራለሁ።

ወደዚያ ከመግባቴ በፊት አንድ የተለመደ አነጋገር ላስተካክል። እንጨቱን «የአባቶቻችን»፣ ቆርቆሮውንና ብረቱን «ዘመናዊ» ማለት ለምደናል። ዛሬ እንጨት ስንል ግን ባሕር ዛፍ ማለታችን ነው። ባሕር ዛፍ ወደ አገራችን የገባው በዳግማዊ አፄ ምኒልክ ዘመን፣ በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ዓመታት ነው። የቆርቆሮ ክዳንም በዚያው ዘመን መታየት ጀምሮ፣ የጅቡቲው ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ከደረሰ በኋላ እየተስፋፋ ሄደ። እንግዲህ ሁለቱ እኩዮች ናቸው፤ ሁለቱም እንግዶች። ከእነርሱ በፊት ቤት ይቆም የነበረው በጽድ፣ በወይራና በዋንዛ ነበር፤ ክዳኑም ሣር ነበር። ጽድና ወይራ ምስጥም ብስባሴም በቀላሉ የማይደፍራቸው እንጨቶች ናቸው። ከኮምቦልቻ በላይ ባለው በየጎፍ ደን ጽዱን ዛሬም ማየት ይቻላል፤ ቆርጦ ቤት መሥራት ግን አይቻልም፣ ሊቻልም አይገባም። ይህን የማነሣው፣ «የአያቴ ጎተራ ስንት ዘመን ቆሟል፤ ከእንጨት የሚበልጥ የለም» የሚል ሰው ስለ ጽድ እየመሰከረ መሆኑን እንዲያስተውለው ነው። ያ ምስክርነት ለባሕር ዛፍ አይሠራም።

ባሕር ዛፉም አንድ ዓይነት አይደለም። በደሴ ዙሪያ ደጋ የምናየው በአብዛኛው ግሎቡለስ የሚባለው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው፤ ወደ ኮምቦልቻና ወደ ሐርቡ ስንወርድ ካማልዱሌንሲስ የሚባለው ቀይ ባሕር ዛፍ ይበዛል። የቀዩ እምብርት፣ ማለትም መሐል ግንዱ፣ ምስጥን በተሻለ ይቋቋማል። ነገር ግን በገበያ የሚሸጠው አጠና ብዙውን ጊዜ በአምስትና በስድስት ዓመቱ የተቆረጠ ለጋ ስለሆነ፣ መሐል ግንዱ ገና አልደረሰም። ለጋው የውጭ ክፍል ስታርችና ስኳር ስላለበት ነፍሳት ይወዱታል። ስለዚህ ገዥ «ስንት ብር?» ከማለቱ በፊት «ስንት ዓመቱ ነው?» ቢል ይጠቀማል።

«ብረት» የምንለውም በእርሻ ቤት ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮችን ያጠቃልላል። አንደኛው የጣሪያው ቆርቆሮ ነው። ሁለተኛው ቋሚና ወራጅ የሚሆነው ቱቦላሬ ወይም ሌላ የተበየደ ብረት ነው። ሦስተኛው ደግሞ ከላሜራ የሚሠራው የእህል ማስቀመጫ በርሜል ነው። ሰዎች «በብረት ልሥራው?» ሲሉ በብዛት የሚያስቡት ሁለተኛውን ነው፤ እኔ ግን ለአብዛኛው ገበሬ ከሦስቱ ትንሹን ጥቅም የሚሰጠው እርሱ ነው እላለሁ።

ለምን? ስለ ጥንካሬ ጥቂት እንነጋገር። የአንድ ሜትር ኩብ ብረት ክብደት 7,850 ኪሎ ግራም ያህል ነው፤ የደረቀ ባሕር ዛፍ የዚያ አንድ አሥረኛ ገደማ ነው። ብረቱ ከእንጨቱ በብዙ እጥፍ ይጠነክራል፤ ሆኖም ጥንካሬን ለክብደት ስናካፍለው ጥሩ እንጨትና ተራ የግንባታ ብረት ተቀራራቢ ሆነው ይገኛሉ። ከቋሚ እስከ ቋሚ አራትና አምስት ሜትር ለሆነ ቤት፣ በአግባቡ የተመረጠና የደረቀ የባሕር ዛፍ ወራጅ ከበቂ በላይ ነው። የብረት አጽም ዋጋውን የሚመልሰው በመሐል ቋሚ ሳይገባ ስምንት፣ አሥር፣ ከዚያም በላይ ሜትር መክፈት ሲያስፈልግ ነው፤ ለምሳሌ በኮምቦልቻ አካባቢ ብዙ ከብት በአንድነት ለሚያደልብና የጭነት መኪና ወደ ውስጥ ለሚያስገባ ባለሀብት። ሁለት በሬ፣ አንድ ላምና አንድ አህያ ላለው ቤተሰብ ይህ ክፍተት አያስፈልገውም።

አሁን ከእግሩ እንጀምር። የእርሻ ቤት ሲወድቅ ያየ ሰው ብዙውን ጊዜ ጣሪያውን ይከስሳል። በቃሉ ወረዳ ዕድሜያቸውን በአናጺነት የጨረሱ አንድ ሐጂ፣ ተማሪዎቼን ይዤ በሄድሁበት ጊዜ፣ ልጆቹ ወደ ላይ አንጋጠው ወራጅ ሲቆጥሩ አይተው፣ «ልጆቼ፣ ምስጥ ከሰማይ አይመጣም፤ ጎንበስ በሉ» አሏቸው። ጎንበስ ብለው የቋሚውን ሥር በቢላዋ ሲነኩት ቢላዋው እንደ ቅቤ ገባ። ከመሬት በላይ ያለው እንጨት ጤነኛ ነበር።

በመሬት ውስጥ የተቀበረ እንጨት በምስጥና በሻጋታ ይጠቃል። እንጨትን የሚያበሰብሰው ሻጋታ የሚያድገው የእንጨቱ እርጥበት 20 ከመቶ ገደማ ሲያልፍ ነው፤ ከዚያ በታች የደረቀ እንጨት ዘመናትን ይኖራል። በተለይ የሚጎዳው ከአፈሩ ገጽ አንድ ስንዝር ወደ ላይና ወደ ታች ያለው ክፍል ነው፤ እርጥበትም አየርም የሚገናኙት እዚያ ነውና። ሰዉ የቋሚውን ሥር በተቃጠለ የሞተር ዘይት ወይም በሬንጅ ይቀባል። ይህ ጨርሶ ከንቱ ባይሆንም ዘይቱ የሚቀረው በላይኛው ቅርፊት ላይ ነው፤ እንጨቱ ሲሰነጠቅ ምስጡ በስንጥቁ ያልፋል። ለመብራትና ለስልክ መስመር የሚቆሙት የባሕር ዛፍ ምሰሶዎች የሚጸኑት መከላከያው በፋብሪካ በግፊት ወደ ውስጥ እንዲሰርጽ ስለሚደረግ ነው፤ በብሩሽ የሚቀባ ነገር ያንን አይተካም። እህል በሚቀመጥበት ቤት የተቃጠለ ዘይት መቀባትንም አልመክርም።

«እንግዲያው ብረት ልትከል» የሚል ይኖራል። ብረቱን ምስጥ አይበላውም፤ እውነት ነው። ግን የተቀበረ የብረት ቋሚም የሚዝገው እዚያው ከአፈሩ ገጽ ላይ ነው፤ ፋንድያና ሽንት የሚጠጣ አፈር ሲሆን ደግሞ ይብስበታል። ምስጡም ቢሆን በብረቱ ላይ የአፈር ቱቦውን እየሠራ ወጥቶ የጣሪያውን ሞራሌና የተከመረውን ጭድ ይደርስበታል። ስለዚህ ለሁለቱም መድኃኒቱ አንድ ነው፤ ቋሚውን አለመቅበር። ከመሬት 40 ወይም 50 ሳንቲ ሜትር ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት ተሠርቶ፣ ቋሚው በላዩ ላይ ቆሞ፣ ከመሠረቱ ውስጥ በወጣ ፌሮ ይታሰራል። ድንጋይ በወሎ ሞልቷል። ምስጡ ድንጋዩን ለመሻገር ቢሞክር እንኳ ቱቦው በግልጽ ስለሚታይ ባለቤቱ በመጥረጊያ ያፈርሰዋል። የእርሻ ቤትን ዕድሜ ከሚወስኑት ነገሮች ሁሉ ትልቁ ይህ ነው፤ እንጨት ወይስ ብረት ከሚለው ምርጫ ይበልጣል።

ወደ ጣሪያው እንውጣ። ክዳኑ ቆርቆሮ መሆን እንዳለበት ብዙ ክርክር የለኝም። የክዳን ሣር የሚገኝበት ቦታ እየጠበበ ሄዷል፤ ሣር ቶሎ ይቃጠላል፣ አይጥም ያስጠጋል፣ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይፈልጋል። ቆርቆሮ በኮምቦልቻም ይመረታልና ከሩቅ መጓጓዝ አይጠይቅም። ሲገዛ ግን ጌጁ ይጠየቅ፤ የጌጁ ቁጥር ሲጨምር ቆርቆሮው እየሳሳ እንደሚሄድ ሳያውቁ «35 ከ32 ይበልጣል» ብለው የሚገዙ አጋጥመውኛል።

የቆርቆሮ ጣሪያ ጠላቱ ነፋስ ነው። ለተማሪዎቼ ዘወትር የምሰጣትን ስሌት ላቅርብ። ነፋሱ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ይነፍሳል እንበል። በደሴ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለል ይልቅ በአንድ አራተኛ ገደማ ስለሚሳሳ ግፊቱ ይቀንሳል፤ ቢሆንም በእያንዳንዱ ሜትር ካሬ ላይ 36 ኪሎ ግራም ያህል ይሆናል። በአንድ ወገኑ ክፍት የሆነ በረት ሲሆን ይህን የሚያህል ኃይል ጣሪያውን ወደ ላይ ሊያነሣ ይችላል። 6 ሜትር በ10 ሜትር የሆነ ጣሪያ 60 ሜትር ካሬ ነው፤ የሚያነሣው ኃይል ከ21 ኩንታል ያልፋል። የቆርቆሮው የራሱ ክብደት ግን ሁለት ኩንታል አይሞላም። ጣሪያውን ወደ ታች የሚይዘው እንግዲህ ክብደቱ ሊሆን አይችልም፤ ሚስማሩና ማሰሪያው ነው። እዚህ ላይ የርጥብ ባሕር ዛፍ ነገር ይመጣል። ትናንት ተቆርጦ ዛሬ በተሠራ ሞራሌ ላይ የተመታ ሚስማር ያን ዕለት ጠብቆ ይይዛል። እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ ይሰነጠቃል፣ ሚስማሩም ይላላል። በመጀመሪያው ኃይለኛ ነፋስ ቆርቆሮው ሲገነጠል ሰዉ «እንጨት ከዳኝ» ይላል። የከዳው ችኮላው ነው። አጠናው በበጋ ተቆርጦ፣ ቅርፊቱ ተልጦ፣ ከመሬት ከፍ ተደርጎ በጥላ ሥር ጥቂት ወራት ይድረቅ። ከዚያም ማሰሪያው እንደ ሰንሰለት ይቀጥል፤ ቆርቆሮው ከሞራሌው፣ ሞራሌው ከወራጁ፣ ወራጁ ከቋሚው፣ ቋሚው ከድንጋዩ ጋር በሽቦ ወይም በጠፍጣፋ ብረት ይያያዝ። አንዱ ቀለበት ከተበጠሰ የሌሎቹ ጥንካሬ አይረዳም።

አሁን ወደ እርጥበቱ ደረስን፤ በዚህ ላይ ረዘም ያለ ጊዜ እንድቆይ ፍቀዱልኝ።

ከኅዳር እስከ ጥር ባሉት ጥርት ያሉ ሌሊቶች ደሴ ላይ ያደረ ሰው ብርዱን ያውቀዋል። በእንዲህ ያለ ሌሊት የቆርቆሮ ጣሪያ ሙቀቱን ወደ ጠፈር እየረጨ ከአካባቢው አየር ይልቅ ይቀዘቅዛል። በበረቱ ውስጥ ያሉት ከብቶች ይተነፍሳሉ፤ ሽንቱም ይተናል። ሞቃቱና እርጥቡ አየር ቀዝቃዛውን ቆርቆሮ ሲነካ ወደ ውኃነት ይለወጣል። ሌሊቱን ዝናብ ሳይዘንብ ጠዋት ጭዱ ርሶ የሚገኘው ስለዚህ ነው፤ «ጣሪያው ያፈሳል» ተብሎ ሬንጅ የሚለጠፍበት ቆርቆሮ ብዙ ጊዜ ቀዳዳ የለውም፤ ያላበው ነው። የሣር ክዳንና የጭቃ ግድግዳ ይህን እርጥበት ይጠጣሉ፣ ቀን ላይም ይተፉታል። ብረት አይጠጣም። ግድግዳውም ጣሪያውም ቆርቆሮ የሆነ ቤት እርጥበቱን የሚያኖርበት ስፍራ ስለሌለው በጭዱና በእህሉ ላይ ይጥለዋል። በጣሪያው አናት ላይ ዝናብ የማያስገባ የአየር መውጫ መተው፣ ከግድግዳው አናትና ከክዳኑ መካከልም አንድ ስንዝር ክፍት ማድረግ ችግሩን በብዙ ያቃልላል። «ሌሊት ይበርዳቸዋል» የሚል ሥጋት አለ፤ ከብት ግን ከደረቅ ብርድ ይልቅ በእርጥብና በታፈነ አየር ይበልጥ ይታመማል።

ስለ እህሉ ስንናገር የሁለቱ ከተሞች ልዩነት ጎልቶ ይወጣል። በደሴ ዙሪያና ከዚያም ወደ ለጋምቦ ባለው ደጋ፣ ብዙ ገበሬ የሚኖረው በበልግ ነው። በበልጉ ዝናብ የተዘራው ገብስ የሚደርሰው በሰኔና በሐምሌ፣ ልክ ክረምቱ ሲገባ ነው። ገበሬው በደመና መካከል ፀሐይ እየሰረቀ ያጭዳል፣ እየተጣደፈም ይወቃል። እህሉ ወደ ጎተራ ሲገባ በደንብ አልደረቀም። ለረጅም ጊዜ ለማኖር የእህል እርጥበት 13 ከመቶ ገደማ ወይም ከዚያ በታች መሆን አለበት፤ ክረምት ላይ የተወቃ የበልግ ገብስ ከዚያ በላይ ሆኖ ሊገባ ይችላል። እህል ሕይወት ያለው ነገር ነው፤ ይተነፍሳል። እርጥብ እህል ይበልጥ ይተነፍሳል፣ ይሞቃል፣ ከሙቀቱ ሻጋታ ይከተላል። ይህን እህል አየር በማያስገባ የላሜራ በርሜል መክደን በድስት ከድኖ እንደ መቀቀል ይቆጠራል። ከእንጨት ተጠልፎ የተሠራ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሥሩ የሚያልፍበት ጎተራ ግን ማድረቁን ይቀጥላል። በጭቃና በእበት መለሰኑም ቢሆን እህሉ ከደረቀ በኋላ ይሁን፤ ለበልግ እህል ቢያንስ አንዱ ወገን አየር እንዲያስገባ ሳይለሰን ይቆይ። ለደጋው ሰው «እንጨት» የምለው ከጥንካሬ አንጻር ወይም ከናፍቆት የተነሣ ሳይሆን፣ የሚያጭድበት ወር ሌላ ምርጫ ስለማይሰጠው ነው።

ወደ ታች እንውረድ። በቃሉ ዋናው እህል ማሽላ ነው፤ በቆሎና ጤፍም አለ። ማሽላው የሚታጨደው ክረምቱ ካለፈ በኋላ፣ በኅዳርና በታኅሣሥ ደረቅ ፀሐይ ነው። ሲገባ ደርቋል። የዚያ አገር ችግር ሙቀቱ ነው፤ ነቀዝ በሙቀት በፍጥነት ይራባል። አየር የሚያስገባው የእንጨት ጎተራ ላይ ደጋ የሚያገለግለውን ያህል ታች ቆላ ለነቀዙ ይመቸዋል። በኅዳር የሞላ ጎተራ በግንቦት ሲከፈት ዱቄትና ቀፎ ሆኖ የሚገኝበት ቤት አለ። ከዚያ በኋላ ያሉት ሐምሌና ነሐሴ፣ አዲስ እህል ሳይደርስ አሮጌው የሚያልቅባቸው ወራት ናቸው። ኪሳራው የሚቆጠረው በእነዚህ ወራት በቤተሰቡ ማዕድ ላይ ነው። ይህን ፈርቶ በታኅሣሥ እህሉን በርካሽ የሚሸጥና በነሐሴ በውድ የሚገዛ ገበሬም ሞልቷል።

እዚህ ላይ ነው ብረት እውነተኛ ቦታው የሚገኘው። ከላሜራ የተሠራ፣ አፉ በላስቲክ የሚታሸግ የእህል በርሜል እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ከሆንዱራስ ተነሥቶ በመካከለኛው አሜሪካ በሰፊው ተሰራጭቷል፤ ኋላም በአፍሪካ ተሞክሯል። አሠራሩ ቀላል ነው። በደረቅ እህል ተሞልቶ ሲታሸግ ነቀዙ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን በመተንፈስ ይጨርሰዋል፤ ከዚያም ይሞታል። መርዝ አያስፈልገውም። አይጥም አይበሳውም። ሁለት ነገር ግን ግድ ነው። አንደኛ፣ እህሉ መድረቅ አለበት፤ መመርመሪያ መሣሪያ የሌለው ሰው ደረቅ ጨውና ጥቂት እህል በደረቅ ጠርሙስ አድርጎ ይነቅንቅ፤ ከደቂቃዎች በኋላ ጨዉ በጠርሙሱ ግድግዳ ላይ ከተጣበቀ እህሉ ገና አልደረቀም። ሁለተኛ፣ በርሜሉ በጥላ ሥር ይቀመጥ። ፀሐይ አንዱን ጎኑን ካሞቀችው እርጥበቱ ከሞቃቱ ወገን ወደ ቀዝቃዛው ይሰደዳል፤ በዚያ በኩል ያለው እህል ይሻግታል። በሻገተ በቆሎና ማሽላ ውስጥ አፍላቶክሲን የተባለው መርዝ ሊኖር ይችላል፤ እርሱን ደግሞ ተራ ማብሰል አያጠፋውም። በርሜሉ ውድ ከሆነ ባለሦስት ሽፋኑ አየር የማያስገባ ከረጢት በዚያው መንገድ ይሠራል፤ ጉዳቱ አይጥ ሊቀደው መቻሉ ነው።

በነገራችን ላይ ጤፍ ከዚህ ሁሉ ነጻ ነው። ፍሬው እጅግ ትንሽ ስለሆነ ነቀዝ በውስጡ ሊያድግበት አይችልም። ጤፉን በውድ በርሜል፣ ማሽላውን በተራ ማዳበሪያ ከረጢት ያስቀመጠ ቤት አይቻለሁ፤ ጤፍ የተከበረ እህል ስለሆነ መሰለኝ። መገልበጥ ነበረበት።

ስለ ከብቱ ወገን ባጭሩ ልናገር። ከሽንት የሚወጣው አሞኒያ ከእርጥበት ጋር ሲሆን የቆርቆሮውን የዚንክ ሽፋን ይበላዋል፤ ስለዚህ በበረት ውስጥ የታችኛው የግድግዳ ክፍል ቆርቆሮ ባይሆን ይሻላል። ድንጋይ፣ ከላዩም የእንጨት ርብራብ ይበቃል። ከብት የሚጋጨውና የሚታከከውም ይህንኑ ክፍል ነው፤ የተቀደደ ቆርቆሮ ደግሞ እንደ ምላጭ ይቆርጣል። የወለሉ ዝቅዝቃትና የሽንት መውረጃው ቦይ ከግድግዳው ቁስ ይልቅ ለከብቱ ሰኮና ይጠቅማሉ። ጭድ በሚከመርበት ክፍል እሳት የሚፈራ ሰው ብረትን ይመርጣል። ቀጭን አጠና ቶሎ እንደሚቃጠል አልክድም፤ ነገር ግን ብረትም በ550 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ የጥንካሬውን ግማሽ ያህል ያጣል፤ የሚነድ የጭድ ክምር እዚያ ለመድረስ ብዙ ጊዜ አይወስድበትም። ጭዱን ከመኖሪያ ቤቱና ከማድቤቱ ማራቅ ከሁለቱም ይሻላል።

ገንዘቡስ? ባሕር ዛፍ ገበሬው በጓሮው የሚያበቅለው፣ ተቆርጦም ከጉቶው መልሶ የሚያቆጠቁጥ ንብረት ነው፤ ከምንጭ አጠገብና ከማሳ ዳር እንዳይተከል የሚሰጠውን ምክር ብደግፍም ይህን ጥቅሙን አልክድም። የራሱን አጠና የሚጠቀም ሰው ከኪሱ የሚያወጣው ጥቂት ነው። ብረት ግን ጥሬ ገንዘብ በአንድ ጊዜ ይጠይቃል። ፋብሪካዎቻችን የሚጠቀሙበት ጥቅል ላሜራ ከውጭ የሚገባ በመሆኑ ዋጋው የውጭ ምንዛሪን ይከተላል፤ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገበት ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ወዲህ ይህን ለማስረዳት ብዙ ቃል አያስፈልገኝም። ጥገናውም ይለያያል። የሰነጠቀ ወራጅ በመጥረቢያና በደቦ በአንድ ቀን ይቀየራል። የዛገ ቱቦላሬ ግን በያጅ ይፈልጋል፤ በያጁም መብራት ይፈልጋል። መብራት ካልገባበት ቀበሌ ለሚኖር ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

የንግግሬን መልስ በተግባር ላስቀምጠው። በደሴ ዙሪያ ለሚኖር የበልግ ገበሬ፦ ከፍ ያለ የድንጋይ መሠረት፣ የደረቀና የበሰለ የባሕር ዛፍ አጽም፣ በሚገባ የታሰረ የቆርቆሮ ክዳን ከነአየር መውጫው፣ ለእህሉም ከእንጨት የተጠለፈ ከፍ ያለ ጎተራ። የጎተራው እግሮች ከመሬት አንድ ሜትር ገደማ ይሁኑ፤ በእያንዳንዱ እግር ላይ ከቆርቆሮ ፍርፋሪ የተሠራ፣ አፉ ወደ ታች የሆነ ቁና መሰል ክፈፍ ይታሰር፤ አይጥ ያን አይሻገርም። ዓመቱን ያኖረውን ዘር ብቻ፣ በበጋ ፀሐይ በደንብ ካደረቀው በኋላ፣ በታሸገ ዕቃ ሊያኖር ይችላል። በቃሉ ለሚኖር የማሽላ ገበሬ፦ ያው መሠረት፣ በምስጡ ምክንያትም ከፍታው ትንሽ ይጨመርበት፤ አጽሙ ከተገኘ ከቀይ ባሕር ዛፍ ይሁን፤ ለብረት አጽም ሊያወጣ ያሰበውን ገንዘብ ወደ ላሜራው በርሜል ያዙረው። በርሜሉን የኮምቦልቻ ብየዳ ቤቶች ሊሠሩት ይችላሉ፤ ስፌቱ አየር የማያሳልፍ መሆኑን ውኃ ሞልቶ መፈተን ግን የገዥው ድርሻ ነው።

ለተመራማሪዎቻችን አንድ ሥራ አለኝ። ሁለቱ ካምፓሶቻችን የቆሙት በእነዚሁ ሁለት ከተሞች፣ በሁለቱ የአየር ጠባዮች ላይ ነው። ተመሳሳይ ትንንሽ ጎተራዎችን በደሴም በኮምቦልቻም አቁመን፣ አንዱን በእንጨት፣ አንዱን በላሜራ፣ የበልጉንና የመኸሩን እህል አስገብተን፣ እርጥበቱንና ሙቀቱን በየሳምንቱ ብንመዘግብ፣ የሲቪል ምሕንድስና ተማሪዎቻችን ከግብርና ተማሪዎቻችን ጋር የሚሠሩት ጥሩ የመመረቂያ ጥናት ይወጣዋል። ወጪው ትንሽ ነው። ጎተራዎቹን ለማቆም የሚሆን ደረቅ አጠና ከአሁኑ ተቆርጦ በጥላ ሥር መቀመጥ ስላለበት፣ ፈቃደኛ የሆናችሁ ዛሬ ከመውጣታችሁ በፊት ስማችሁን አስመዝግቡ። ወደ ጥያቄዎቻችሁ እንሂድ።